የአንድ ዓመት ዕድሜ ዋጋው ስንት ነው?

ጤናም ሒሳብ አለው፤ ሒሳቡን የሚያውቅ ገዢ ዋጋ ያስቀንሳል

“ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ” ይባላል። በጤናው ገበያ ግን ገንዘቡ ሁልጊዜ ከመንገዱ ያጥራል። ድሃውም ሆነ ሀብታሙ አገር፣ ሕመምተኞቹ የሚሹትን መድኃኒት፣ መሣሪያና ሕክምና ሁሉ ገዝቶ መጨረስ አልቻለም። ስለሆነም በየዓመቱ በጀት ሲደለደል ዋናው ጥያቄ “የትኛው ሕክምና ጥሩ ነው?” የሚል ሳይሆን “ባለው ገንዘብ የትኛው ይቅደም?” የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ በብዙ አገሮች ለረጅም ጊዜ የተመለሰው በዘፈቀደ ነበር። ጮክ ብሎ የጠየቀ ክፍል ይቀድማል፤ ባለሥልጣን የወደደው መሣሪያ ይገዛል፤ ለጋሽ ድርጅት የመረጠው በሽታ ገንዘብ ያገኛል፤ አለዚያም አንደበተ ርቱዕ የሆነው የመድኃኒት ሻጭ ያሸንፋል። ከቅርብ አሥርተ ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ አሠራር እየተስፋፋ መጥቷል። ይኸውም እያንዳንዱ ሕክምና ለወጣበት ገንዘብ ምን ያህል ጤና እንደሚያስገኝ አስልቶ ማወዳደር ነው። ባለሙያዎቹ “የጤና ኢኮኖሚ ግምገማ” ይሉታል። የመርካቶ ነጋዴ ግን ስሙን ሳያውቀው ዘወትር የሚሠራው ሥራ ነው፤ “ይህን ብር እዚህ ባውለው ምን አተርፋለሁ፣ እዚያ ባውለውስ?” ብሎ ይጠይቃልና።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

ለማወዳደር አንድ የጋራ መለኪያ ያስፈልጋል። ስንዴ በኩንታል፣ ወርቅ በግራም እንደሚለካ ሁሉ ጤናም “በሙሉ ጤና በተኖረ አንድ ዓመት” ይለካል። በሙሉ ጤና የተኖረ ዓመት 1 ተብሎ ይቆጠራል። ሕመምተኛው ግማሽ ጤና ይዞ የኖረው ዓመት 0.5 ይሆናል። ሞት ዜሮ ነው። የዓለም ባንክም እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ዓመታዊ የልማት ሪፖርት በበሽታና ያለ ዕድሜ በሞት የጠፉ ዓመታትን የሚቆጥር ተመሳሳይ መለኪያ ለዓለም አስተዋውቋል።

ለምሳሌ ያህል ብቻ አንድ ሒሳብ እንውሰድ። አንድ የጤና ቢሮ 10 ሚሊዮን ብር አለው እንበል። የመጀመሪያው ምርጫ ለአንድ ሕመምተኛ 500,000 ብር የሚያስወጣና አንድ ዓመት በግማሽ ጤና የሚያቆይ ሕክምና ነው። በገንዘቡ 20 ሰዎች ይታከማሉ፤ የሚገኘው 10 የጤና ዓመት ነው። አንዱ የጤና ዓመት 1 ሚሊዮን ብር ፈጀ ማለት ነው። ሁለተኛው ምርጫ ለአንድ ሰው 2,000 ብር የሚያስወጣ መከላከያ ነው። 5,000 ሰዎች ያገኙታል። ከመቶው ሰው አንዱን ከሞት አድኖ 20 የጤና ዓመት ቢጨምርለት፣ 50 ሰዎች ድነው 1,000 የጤና ዓመት ይገኛል። አንዱ ዓመት 10,000 ብር ብቻ ወጣበት ማለት ነው።

ቢሮው የመጀመሪያውን ከመረጠ 20 ቤተሰቦች ያመሰግኑታል። ነገር ግን 990 የጤና ዓመት ቀርቷል። ችግሩ የቀረባቸው ሰዎች ማን እንደሆኑ አለመታወቁ ነው። 20ዎቹ ሕመምተኞች ስምና መልክ አላቸው፤ ያለቅሳሉ፣ ዘመድ አላቸው፣ ጋዜጣ ላይ ይወጣሉ። 50ዎቹ ግን ገና አልታመሙም። ባለ ሱቁ “እዚህ ባላስረው ኖሮ ሌላ ቦታ ያተርፍልኝ ነበር” የሚለው የታሰረ ገንዘብ ኪሣራ በጤናው ዘርፍ የሚከፈለው በሰው ዕድሜ ነው።

ሁለት ነገሮችን መጨመር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ አዲስ መድኃኒት የሚመዘነው ቀድሞ ካለው ጋር ተነጻጽሮ ነው። የ300 ብር መድኃኒት እያለ የ900 ብር ሲመጣ፣ ጥያቄው “አዲሱ ይሠራል ወይ?” ሳይሆን “የተጨመረው 600 ብር ምን ጨመረ?” ነው። ሁለተኛ፣ ከ20 ዓመት በኋላ የሚገኝ ጥቅም ዛሬ ከሚገኘው እኩል አይቆጠርም። የወለድን ነገር የሚያውቅ ነጋዴ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የእንግሊዝ ገምጋሚዎች የወደፊቱን ወጪና ጥቅም ለብዙ ዓመታት በዓመት 3.5 በመቶ፣ የታይላንዶቹ ደግሞ 3 በመቶ እየቀነሱ አስልተዋል።

የኦሪገን ትምህርት

ሒሳቡን ብቻ ይዞ ወደ ሕዝብ መውጣት ምን እንደሚያስከትል ያሳየችው የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት ናት። እ.ኤ.አ. በ1987 የግዛቲቱ ምክር ቤት ለድሆች በሚሰጠው የመንግሥት ሕክምና ውስጥ የአካል ክፍል ንቅለ ተከላ ወጪን አቆመ። ምክንያቱ ገንዘቡን ለብዙ ሰዎች መሠረታዊ ሕክምና ማዋል ነበር። ብዙም ሳይቆይ የደም ካንሰር የያዘው የሰባት ዓመት ልጅ የመቅኔ ንቅለ ተከላ አስፈለገው። ቤተሰቡ 100,000 ዶላር ለመሰብሰብ መዋጮ ጀመረ። ልጁ መዋጮው ሳይሞላ ሞተ፤ አገሩም በቁጣ ተነሣ።

ኦሪገን ከዚያ በኋላ ነገሩን በሥርዓት ለመያዝ ተነሣች። እ.ኤ.አ. በ1990 ከ1,600 በላይ በሽታዎችንና ሕክምናዎቻቸውን በወጪና በውጤት አሰልፋ የመጀመሪያውን ዝርዝር አወጣች። ውጤቱ መሳቂያ ሆነ። ጥርስ ማልበስ ከትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና በልጦ ተገኘ። ርካሽ ነገር ለብዙ ሰው ጥቂት ጥቅም ሲሰጥ፣ ነፍስ ከሚያድን ውድ ነገር በላይ ሊቆጠር እንደሚችል ታየ። ዝርዝሩ ተሰርዞ እንደገና ተሠራ። የተሻሻለውንም የፌዴራሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1992 “የአካል ጉዳተኞችን ይጎዳል” በሚል አልቀበልም አለ። ከማስተካከያ በኋላ በ1993 ተፈቅዶ በ1994 ሥራ ላይ ዋለ።

ከዚህ ሁሉ የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሒሳቡ ለመወሰን ይረዳል እንጂ ራሱ አይወስንም። ፍትሕና የሕዝብ አመኔታ ካልታከሉበት የትም አይደርስም።

“ካልሠራ ገንዘቡ ይመለሳል”

ሒሳቡን የዘወትር ሥራ ያደረገችው እንግሊዝ ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው በአጭር ስሙ ናይስ የሚባለው ተቋም፣ አዲስ መድኃኒት በመንግሥት ወጪ ይገዛ ዘንድ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን ይመረምራል። ለብዙ ዓመታት የተጠቀመበት መስፈሪያ ለአንድ የጤና ዓመት ከ20,000 እስከ 30,000 ፓውንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ግን ከአሜሪካ ጋር ከተደረገ የመድኃኒት ዋጋ ስምምነት ጋር ተያይዞ መስፈሪያው ወደ 25,000 እና 35,000 ከፍ እንደሚል ተገልጿል። አንድ መስፈሪያ በመንግሥታት ድርድር ላይ መቅረቡ ራሱ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያንቀሳቅስ ያሳያል።

የተቋሙ ትልቁ ኃይል “አይሆንም” ማለት መቻሉ ነው። ከገበያው ተነሥቶ መሄድ የማይችል ገዢ ዋጋ አያስቀንስም። ይህን በሚገባ ያስረዳው ቬልኬድ የተባለው የካንሰር መድኃኒት ነው። ተቋሙ ዋጋው ከጥቅሙ ጋር አይመጣጠንም ብሎ ሊከለክለው ሲል፣ አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2007 አዲስ የሽያጭ ውል ይዞ ቀረበ። መድኃኒቱ ለሕመምተኛው ከሠራ መንግሥት ይከፍላል፤ ከአራት ዙር በኋላ ካልሠራ ግን ኩባንያው ወጪውን ይመልሳል። ከዚያ ወዲህ በምስጢር የሚያዝ የዋጋ ቅናሽ የተለመደ ሆኗል። በመዝገብ ላይ ያለው ዋጋና የሚከፈለው ዋጋ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው።

ሒሳቡን መዝለል ምን እንደሚያስከፍልም ያው አገር አሳይቷል። ተቋሙ የከለከላቸው የካንሰር መድኃኒቶች ብዙ ሮሮ ስላስነሡ መንግሥት ልዩ የካንሰር መድኃኒት ፈንድ አቋቋመ። ፈንዱ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደ አዲስ እስከተደራጀበት ጊዜ ድረስ 1.27 ቢሊዮን ፓውንድ ወጣበት። በ2017 የወጣ ጥናት ከተመረመሩት 47 የመድኃኒት አገልግሎቶች ውስጥ ዕድሜ ማርዘማቸው በጥናት የተደገፈው 18 ብቻ እንደሆኑ ገለጸ። የእነዚህም ጭማሪ መካከለኛ ልኩ 3.1 ወር ነበር።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት፣ የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት በነባር ሥራዎቹ አንዱን የጤና ዓመት የሚያስገኘው በ12,936 ፓውንድ እንደሆነ አሰላ። ይህ እውነት ከሆነ በ30,000 ፓውንድ አንድ የጤና ዓመት የሚገዛ ሁሉ፣ ከሌላ ሕመምተኛ ከሁለት ዓመት በላይ እየወሰደ ነው ማለት ነው። ክርክሩ እስካሁን አላበቃም።

ባንኮክና ካይሮ

ነገሩ የሀብታሞች ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ታይላንድ ምስክር ናት። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ሕዝቧን በሙሉ የጤና ሽፋን ውስጥ አስገባች፤ በ2007 ደግሞ መድኃኒትና ቴክኖሎጂ የሚገመግም ተቋም አቋቋመች። ኋላም ለአንድ የጤና ዓመት 160,000 ባህት የሚል መስፈሪያ ወጣ። የማኅፀን በር ጫፍ ካንሰር ክትባት መጀመሪያ ገበያ ላይ በዋለበት ዋጋ አያዋጣም ተባለ። ሻጮች ዋጋ ሲቀንሱ ክትባቱ በ2017 በብሔራዊ ፕሮግራም ተካተተ።

የበለጠ የሚያስተምረው ግን የኩላሊት እጥበት ጉዳይ ነው። በሒሳቡ መሠረት እጥበት በየትኛውም መንገድ ቢደረግ ከመስፈሪያው በብዙ ይበልጥ ነበር። ሆኖም የኩላሊት ሕመም ቤተሰብን አራቁቶ የሚያደኸይ በመሆኑ መንግሥት “አልከፍልም” ማለት አልቻለም። መካከለኛ መንገድ ተፈለገ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሕመምተኛው በቅድሚያ በሆድ ዕቃ በኩል ቤቱ ውስጥ የሚያደርገው እጥበት እንዲሰጠው፣ የማሽኑ እጥበት ግን ይህ ለማይሆንላቸው እንዲሆን ተወሰነ። በ2022 ሕመምተኛው ራሱ እንዲመርጥ ተፈቀደ። ወደ ማሽን የሚሄደው ሰው በዛ፤ ወጪውም ናረ። በ2025 መንግሥት ወደ ቀድሞው መመሪያ ተመለሰ። ሒሳቡ ከበር ቢባረር በመስኮት ተመልሶ ይገባል።

የግብፅ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሄፓታይተስ ሲ የተባለውን የጉበት በሽታ የሚፈውስ ኪኒን ወጣ። በአሜሪካ ለ12 ሳምንት ሕክምና የተቆረጠው ዋጋ 84,000 ዶላር ነበር። በእንግሊዝ የናይስ ግምገማ መድኃኒቱን አዋጪ ብሎ ቢቀበለውም የጤና አገልግሎቱ አቅም ስላልነበረው ጊዜ ይሰጠኝ ለማለት ተገደደ። አዋጪ የሆነ ነገር ሁሉ በአቅም ልክ ነው ማለት አይደለም። በአንጻሩ ግብፅ ብዙ ሕመምተኛ እንዳላት እንደ መደራደሪያ ይዛ በ2014 ያንኑ ሕክምና በ900 ዶላር ገዛች። ቆይቶም የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች አምርተውት ዋጋው ከ100 ዶላር በታች ወረደ። በ2018 በተጀመረው ዘመቻ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተመረመረ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ግብፅ በሽታውን ለማጥፋት ባደረገችው ጉዞ የወርቅ ደረጃ ሰጥቷታል።

ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ

ኢትዮጵያም ለዚህ ሒሳብ እንግዳ አይደለችም። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ባሻሻለው የመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ፓኬጅ ውስጥ 1,018 አገልግሎቶች ተዘርዝረው በቅደም ተከተል ተቀምጠዋል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከፍተኛ ቅድሚያ የተሰጣቸው ናቸው። መመዘኛዎቹ ሰባት ነበሩ፦ የበሽታው ጫና፣ የወጪና የውጤት ንጽጽር፣ ፍትሐዊነት፣ ቤተሰብን ከድህነት መጠበቁ፣ በበጀት ላይ የሚያመጣው ጫና፣ በሕዝብ ዘንድ ተቀባይነቱና የፖለቲካ ተቀባይነቱ። ኦሪገን በአንድ መመዘኛ ሠርታ የወደቀችበትን ፈተና በሰባት ለማለፍ የተሞከረ ይመስላል።

ይሁን እንጂ ዝርዝር ሌላ፣ ገንዘብ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ለ2016/17 በተጠናቀረው የአገሪቱ የጤና ሒሳብ መሠረት በነፍስ ወከፍ ለጤና የሚወጣው 33 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። ይህም ከመንግሥት፣ ከውጭ ለጋሾችና ከሕመምተኛው ኪስ በተቀራራቢ ድርሻ የመጣ ነው። በ2024 ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒትና የላቦራቶሪ ዕቃ በብር ሲሰላ ተወደደ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። ለጋሹ በሄደበት ቦታ መራጩ ባለቤቱ ነው። ቀድሞ ከውጭ ይመጣ የነበረው ቅደም ተከተል አሁን እዚሁ መወሰን አለበት።

ለድሃ አገር መስፈሪያው ስንት ይሁን? በአንድ ወቅት ለአንድ የጤና ዓመት ከአገሪቱ የነፍስ ወከፍ ገቢ አንድ እጥፍ እስከ ሦስት እጥፍ ድረስ ቢወጣ አዋጪ ነው የሚል ልማድ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ ብቻውን መወሰኛ ሊሆን እንደማይገባ ጽፈዋል። በዚያ ልክ ቢለካ ሁሉም ነገር “አዋጪ” ሆኖ ያልፋልና፤ ካዝናው ግን አይችለውም። “እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር” የሚለው የአገር ቤት ብሂል እዚህ ላይ ከብዙ ቀመር ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው የኩላሊት ጉዳይ ነው። በተለምዶ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚደረገውን እጥበት መክፈል አቅቶት ወደ ሁለትና ወደ አንድ ዝቅ የሚያደርግ ሕመምተኛ ብዙ ነው። ቤት ይሸጣል፣ መኪና ይሸጣል፣ ዕድር ያዋጣል። የማሽኑ ማጣሪያም ሆነ ፈሳሹ በአመዛኙ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተስፋ ቢሰጥም የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው። በሌላ በኩል ኩላሊትን ከሚያበላሹት ነገሮች ግንባር ቀደሞቹ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ናቸው። የሁለቱም ኪኒን ከእጥበት ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው። ሒሳቡ የሚያመለክተው ወደ ኪኒኑ ነው። ማሽኑ ላይ ለተኛው ሰው ግን ይህ መልስ አይሆነውም። ታይላንድም የወሰነችው ሁለቱን በአንድነት ይዛ ነው።

ለነጋዴው ምን ትርጉም አለው?

አንደኛ፣ ገዢው እየተለወጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እየሰፋ ሲሄድ፣ የሚከፍለው ሕመምተኛው ብቻ መሆኑ ይቀራል። የጤና መድን አገልግሎትና የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ትልልቅ ገዢዎች ናቸው። ትልቅ ገዢ “ምን አስገኘ?” ብሎ ይጠይቃል። በዝርዝሩ ላይ ቅድሚያ ያገኘ መድኃኒት በጨረታ በብዛት ይገዛል፤ ትርፉ በነጠላ ያነሰ ቢሆንም ዝውውሩ አስተማማኝ ነው።

ሁለተኛ፣ አስመጪው ከዋጋ ዝርዝር ጋር ማስረጃ መያዝ ይኖርበታል። ዕቃው ከነባሩ በምን እንደሚበልጥ፣ ስንት ሰው እንደሚያስፈልገው፣ በዓመት ስንት ብር እንደሚጠይቅ የሚያሳይ አንድ ወረቀት፣ ከሚያብረቀርቅ ካታሎግ ይልቅ ይሸጣል። በአነስተኛ ዋጋ የሚቀርብ፣ የባለቤትነት መብቱ ያለፈበት መድኃኒት የዚህ ሒሳብ ዋነኛ ተጠቃሚ ነው። ለቂሊንጦ አምራቾችም የግብፅ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆናቸዋል።

ሦስተኛ፣ የሕክምና ማዕከል ለመክፈት ያሰበ ኢንቨስተር ገበያው ሁለት መሆኑን ማወቅ አለበት። አንዱ ከኪሱ የሚከፍለው ጥቂት ሰው ነው፤ ውድ ማሽን የሚያዋጣው ለእርሱ ነው፤ ነገር ግን ጠባብና በምንዛሪ ለውጥ የሚናጋ ነው። ሌላው መድን የሚከፍልለት ብዙኃኑ ነው፤ እዚያ የሚያዋጣው ምርመራ፣ ወሊድ፣ የግፊትና የስኳር ክትትል ነው። ማሽን ተገዝቶ ከተተከለ በኋላ ሥራ መፈለግ ሲጀምር፣ ለማያስፈልገው ሰው ጭምር ምርመራ እንዲታዘዝ ይገፋፋል። ይህ በሌላ አገር ታይቷል፤ የከፋዩንም ቁጣ ጠርቷል።

ሒሳቡ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። በጥሩ መረጃ ካልተደገፈ ያሳስታል። የአረጋዊውንና የአካል ጉዳተኛውን ዓመት አሳንሶ ይቆጥራል የሚል ከባድ ወቀሳም አለበት። ገምጋሚው ከሻጭ ገንዘብ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ሚዛኑ የተሰበረ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ስሌቱን በአደባባይ ማውጣት፣ ወቀሳ መስማትና ማረም ነው።

ሒሳቡ ሳይሠራ ሲቀርም ምርጫው አይቀርም። ገንዘቡ ያልቃል፤ አንዱ ይታከማል፤ ሌላው ይቀራል። ልዩነቱ የቀረው ሰው በምን ምክንያት እንደቀረ የሚያስረዳ መኖር አለመኖሩ ላይ ነው።